አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከልጄ ጎን

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የልምምድ ሰዓት እንድመዘግብበት አሰልጣኙ የሰጡኝ ነው። ሰዓቱ ግን በቀን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው። የተረፈው ገጽ ለማን ይቀመጣል? ላወራበት።

ዛሬ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከልጄ ጋር ሜዳ ደረስን። ስምንት ዙር፣ ለስለስ ያለ። ጉልበቴን ትንሽ ጠቅ አደረገኝ… ምንም አይደል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ገባሁ። መተኮሻው ማሽን እንደ ልማዱ ተበላሽቶ የሆስፒታሉን አንሶላ ሁሉ በእጅ ካውያ ስንተኩስ ዋልን። ሳቂታዋ የሥራ ጓደኛዬ ወገቧን ይዛ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሰላሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ሩጫ ምን ያደርግልሻል? ማን አባሮሽ ነው?» አለችኝ።

«ልጄ» አልኳት።

ሳቀች። የምሬን መሆኑን አላወቀችም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ቀኑ ተቆረጠ። የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ጥር 17። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር፣ ማየት ለተሳናቸው ሴቶች። ማለፊያው አምስት ደቂቃ ከሃያ አምስት ሰከንድ። የኛ ምርጥ ሰዓት አምስት ከአርባ ሦስት።

አስራ ስምንት ሰከንድ። ሥራ ቦታ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። በአስራ ስምንት ሰከንድ አንድ አንሶላ አጥፌ አስቀምጣለሁ። በቃ ይህችን ታህል ናት። ትንሽ ናት… ወይስ ብዙ ናት?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አዲስ የተመዘገቡ ሁለት ልጆች ከነወላጆቻቸው ሜዳ መጡ። አሰልጣኙ፣ «የራዳር እናት፣ እስቲ አስረጃቸው» አሉኝ። ሜዳ ላይ ልጄን «ራዳር» ነው የሚሏት። ሰው ገና በር ላይ ሳለ በኮቴው ታውቀዋለች። በአራት ዓመቷ በሕመም ዓይኗን ካጣች ወዲህ ጆሮዋ የሁለት ሰው ሆኗል። አሁን አስራ ስምንት ሞልቷታል።

ያስረዳኋቸው ይህን ነው። እኔ መሪዋ ነኝ። የምታያይዘን ገመድ ከክንድ ታጥራለች፣ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት አላት። አንዱ ቀለበት በሷ ቀኝ እጅ፣ አንዱ በኔ ግራ እጅ። እግራችን እኩል ይረግጣል። እኔ እሷን መሳብ የለም፣ መግፋት የለም። እሷ የመጨረሻውን መስመር ሳታልፍ እኔ ካለፍኩ ሩጫው ይሰረዛል። ጭላንጭል የሚያዩት እንዳይበልጡ ውድድር ላይ የሯጮቹ ሁሉ ዓይን በመሸፈኛ ይታሰራል። አፌ ደግሞ አይዘጋም። «መታጠፊያ… ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ግራ… ቀጥ… ፊትሽ ሰው አለ…»

አንዷ እናት፣ «አያደክምም?» አለችኝ።

«ሩጫውስ ይቻላል። ወሬው ነው የሚያደክመው።»

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አምስት ከአርባ ሁለት። የሁለት ሳምንት ልፋት፣ አንድ ሰከንድ።

እንደጨረስን ሳሩ ላይ ተዘረርኩ። ሰማዩ ይዞራል። እሷ ጫማዋን አውልቃ አሸዋ እያራገፈች ታንጎራጉራለች።

«አንቺ አልደከመሽም?»

«ኧረ ደክሞኛል!» አለችና ኡፍፍ አለች። ከጨረስን ሁለት ደቂቃ ሆኖናል እኮ። ኡፍታዋ ስትዘገይ… ወጣትነት ነው መቼም።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ልምምድ የለም። ጉልበቴ ላይ በረዶ አሰርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የሆዴን በሆዴ።

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፍቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ለቀቁን። ልጄ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሄዳ ሰውነት ታፍታታለች። ይዣት ልግባ ብዬ ወደዚያው አቀናሁ። ከተመልካች መቀመጫው ግንብ ኋላ ስደርስ የአሰልጣኙ ድምፅ፦

«ሺህ ሜትር! ሦስት ከሰላሳ አንድ!»

የማን ሰዓት ነው? ቆምኩ። እኔና እሷ ሺህ ሜትርን ሦስት ከአርባ ሰባት ነው የምናልፈው።

ከዚያ የሷ ድምፅ። እያለከለከች። እንደዚያ ስታለከልክ ሰምቻት አላውቅም። «ለእማዬ እንዳይነግሯት።»

አሰልጣኙ ምን መለሱ? አልሰማሁም። በግንቡ ጥግ አጮልቄ አየሁ። ሩጫው አብቅቷል፣ ቆመዋል። አጠገቧ አንዲት ረጅም ልጅ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች። ገመዱ… የኛ ገመድ… በረጅሟ እጅ ነው።

ሳይሰሙኝ ዞርኩ። ራዳር ካለችበት ኮቴ መደበቅ ቀላል አይደለም። በእግሬ ጣቶች ጫፍ ሄድኩ፣ እንደ ሌባ።

እራት ላይ፣ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» አልኳት።

«ያው ማፍታቻ ነው።»

«ጎሽ።»

ሁለታችንም ዋሸን።

ህዳር 4፣ ረቡዕ

አንሶላ አቃጠልኩ። የካውያው ቅርጽ ቁጭ ብሎበት ቀረ። በአስራ አንድ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ህዳር 5፣ ሐሙስ

ለባሌ ነገርኩት። አውቶቡስ ነጂ ነው፣ የዓለም ነገር ሁሉ ለሱ መንገድ ነው። ካልሲውን እያወለቀ፣ «ረጅም መንገድ ላይ ሹፌር ይቀየራል። ተሳፋሪ ግን አይወርድም» አለ።

አኮረፍኩት። ሹፌር ያደረገኝ ማን ነው? እናቷ አይደለሁ?

ህዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠየቅኳት። ልብስ እያሰጣን ነበር። እኔ አሰጣለሁ፣ እሷ መቆንጠጫ ታቀብለኛለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቀንሰሽ የምትሮጪልኝ?»

መቆንጠጫው እጇ ላይ ቀረ። ማን ነገረሽ አላለችም። «ከሰኔ» አለች።

ከሰኔ! አምስት ወር!

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል፣ እማ? ፍጠኝ ልበልሽ? ጉልበትሽ ሲንቋቋ ይሰማኛል እኮ።» ቀጥላ፣ «ሯጯን መሳብ ክልክል ነው። ሯጯ መሪዋን ብትጎትትስ? ደንቡ ላይ የለም። አሰልጣኙን ጠይቄያቸዋለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሲያመልጠኝ ደግሞ እንባም ተከትሎ መጣ። እሷ ሳቁን ሰማች። እንባውንም ሳትሰማ አልቀረችም፣ እጄን ፈልጋ መቆንጠጫውን አስጨበጠችኝ።

ረጅሟ ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ነገረችኝ። በብስክሌት ዕቃ የምታደርስ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ስምንት መቶ ሜትር ትሮጥ ነበር፣ ለክለብ ሳትመረጥ ቀረች። አሰልጣኙ ናቸው ያመጧት። አራት ቀን አብረው ሮጠዋል።

አራት ቀን። የኔ አራት ዓመት ነው።

ህዳር 8፣ እሑድ

ዓይኔን በጨው ታጥቤ አሰልጣኙ ቤት ሄድኩ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ የብስክሌት ጎማ ሲለጥፉ አገኘኋቸው።

«ሦስት ሳምንት ይስጡኝ። ሰዓቴን አወርዳለሁ።»

«ጉልበትሽስ?»

እሳቸውም ያውቃሉ! አገር ያወቀውን እኔ ነኝ በረዶ አስሬ የምደብቀው።

«ጉልበቴ የራሴ ነው» አልኩ።

ጎማውን ገልብጠው አዩት፣ ነፉት፣ እንደገና አዩት። «ሦስት ሳምንት» አሉ።

ህዳር 10፣ ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ብቻዬን። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ዳገት፣ አስር ጊዜ። የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ፣ «እህቴ፣ ወደ እኛ ለመምጣት አትቸኩዪ» አለኝ።

ህዳር 13፣ ዓርብ

ዳገት፣ አስራ ሁለት።

ህዳር 18፣ ረቡዕ

ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን ብረት ይዤ ነው። መውጣቱ ይሻላል። ሳቂታዋ አሁን አትስቅብኝም። የኔን ድርሻ አንሶላ ቀስ እያለች ወደ ራሷ ጠረጴዛ ትወስዳለች፣ ያላየሁ መስሏታል።

ህዳር 28፣ ቅዳሜ

የፈተናው ቀን። እኔና ልጄ፣ አሰልጣኙ ሰዓት ይዘው።

አስቀድሜ፣ «ብትቀንሺልኝ በሕይወቴ አልምርሽም» አልኳት።

«እሺ» አለች። ድምጿ ቀጠነ።

የመጀመሪያውን ዙር ልቤ ሙሉ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ። ሦስተኛው ላይ «ግራ» ማለት ሲገባኝ ድምፅ አልወጣልኝም። እሷ ግን ታጠፈች፣ እርምጃዋን ቆጥራ ነው። የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ላይ ገመዱ ተወጠረ… ወደ ፊት። ወደ እሷ በኩል። ጎተተችኝ።

አምስት ከሰላሳ ስድስት።

አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። አሰልጣኙ ውሃ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። «በሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሰዓት የምትሮጥ መሪ አላውቅም» አሉ። የምራቸውን ነው፣ ሰው አያባብሉም።

«ስንት ቀረን?»

«አስራ አንድ ሰከንድ። የእሷ ግን አይደለም። ያንቺ ነው።»

አሁን ሳስበው… ሌላ ሰው ቢለው እቀየመው ነበር።

ታህሳስ 1፣ ማክሰኞ

ገመዱን ለረጅሟ ሰጠኋት። ምንም ንግግር አላደረግኩም። «ታጥቦ ነው፣ ሲደርቅ ትንሽ ይሻክራል» ብቻ አልኳት። አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ፣ እትዬ» አለች፣ በዝንብ ድምፅ። የብስክሌት ደወሏ ከሷ ይበልጥ ይናገራል።

ጠዋት ዕቃ ስለምታደርስ ልምምዱ ከሰዓት ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ።

ታህሳስ 3፣ ሐሙስ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። የሚኬድበት የለም። ተነስቼ ቤት ጠረግኩ። ባሌ፣ «ማንን ልትቀበይ ነው?» አለኝ።

ታህሳስ 15፣ ማክሰኞ

ወደቀች።

ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ጉልበቶቿ ተልጠዋል፣ አገጯ ላይ ፕላስተር። አጥንቷ ደህና ነው፣ ሐኪም አይቷታል። መታጠፊያው ላይ ነው። ረጅሟ ዘግይታ «ግራ» አለች፣ ያውም በሹክሹክታ። ልጄ ከሩጫው መስመር ወጥታ የብረት አጥር ላይ…

«ከሷ ጋር አልሮጥም» አለች።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ።

«ካንቺ ጋር ነው የምሮጠው። ማለፊያው ቢቀርም ይቅር። እማ? ሰምተሽኛል?»

ሰምቻለሁ። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ። ልጄ ቆስላ ተቀምጣ እኔ ደስ አለኝ! «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

«መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን» አልኳት። ወጥ ቤት ገብቼ ድስት ፈተግኩ፣ ንጹሑን ድስት።

ታህሳስ 17፣ ሐሙስ

ረጅሟ በሩን አንኳኳች። ብስክሌቷን ደጅ አቁማ፣ ብርቱካን ይዛ። ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ለዚህ አልሆንም። ሌላ ሰው ይፈለግላት።» እንባዋ ጠብ አለ።

እስከዛሬ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። ብትሄድልኝ እኮ ገመዱ ወደ እኔ ይመለሳል። እኔም አምስት ከሰላሳ ስድስት እሮጣለሁ፣ ልጄም አምስት ከሰላሳ ስድስት ትሮጣለች፣ ተያይዘን እቤታችን እንቀራለን።

«ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ነይ» አልኳት። «ዓይን መሸፈኛውን አምጪው።»

ታህሳስ 19፣ ቅዳሜ

መሸፈኛውን እኔ አሰርኩት። ገመዱን ረጅሟ ያዘች። ልጄ ሳሩ ላይ ተቀምጣ እንድትሰማ አደረግኩ፤ ጉልበቷ ገና አልዳነም።

«በይ ምሪኝ» አልኩ።

አራት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሮጫለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ መሸፈኛውን አስሬ አላውቅም። ምነው እስከዛሬ? አስር እርምጃ ሳልሄድ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ጨለማው አልነበረም ያስፈራኝ። ዝምታው ነው። ልጅቱ ምንም አትልም! የጫማ ድምፅ ብቻ። መሬቱ የት እንደሚያልቅ በምን ልወቅ? ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ምነው አትናገሪም?»

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«የምታዪውን!»

«ምንም የለማ። ቀጥ ያለ ነው።»

«እሱን በያ! ‹ምንም የለም› በይኝ! ላንቺ ነው ምንም የሌለው። ለኔ አንቺ ካላልሽው ገደል ነው።»

ከሳሩ በኩል የልጄ ሳቅ መጣ። «ንገሪያት፣ እማ! እኔ ስላት አልሰማ አለችኝ!»

እንደገና ጀመርን። «ምንም የለም» አለች ረጅሟ። «ድምፅሽን!» «ምንም የለም!» «አሁንም!» «ምንም የለም! ምንም የለም! መታጠፊያ በአስር እርምጃ!» የሜዳው ጥበቃ ከክፍሉ ወጣ፣ ሰው የሚጣላ መስሎት። አንድ ዙር ስንጨርስ ድምጿ ጎርንኖ፣ ፊቷ በላብ ተነክሮ ነበር፤ መሸፈኛውን ሳወልቅ አየኋት።

ልጄ ከሳሩ ተነሳች። እያነከሰች ወደ ድምፁ መጣች፣ እጇን ዘረጋች። ወደ እኔ መስሎኝ ልይዛት ስል…

«ገመዱን ስጪኝ» አለቻት። «በእርምጃ ብቻ፣ ጉልበቴ ያመኛል። ግን ጩኺ።»

እኔ ለግማሽ ቀን ሥራ ተፈልጌ ነበር። ትቻቸው ሄድኩ። ከበሩ ውጪ ድረስ «ምንም የለም!» ይሰማኛል።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

አሰልጣኙ ደወሉ። አምስት ከሃያ ዘጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያልሮጥኩትን ሰዓት ጻፍኩ።

ጥር 12፣ ሰኞ

ረጅሟ ቤት መጥታ ምሳ በላች። አሁን ወሬዋ አልቆም ብሎናል፣ ስትበላም ታወራለች። «ወጡ በስተቀኝ፣ ውሃው በስተግራ፣ አባትየው አጥንቱን ሊወስድብሽ ነው።» ባሌ በሳቅ ትን አለው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ስምንት ሯጮች፣ ስምንት መሪዎች። የሯጮቹ ሁሉ ዓይን ተሸፍኗል። እኔ ተመልካች መቀመጫ ላይ፣ ሦስተኛ ረድፍ። ባሌ የሥራ ፈረቃ ለውጦ መጣ።

ሲጀመር አፌ ብቻውን ተነሳ። «ቀጥ… ፊትሽ ሁለት ሰው… መታጠፊያ…» ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ለማን ነው የምትነግሪው?» አሉኝ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ልጄ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። መሪ የሚያየው መሬቱን፣ መታጠፊያውን፣ የፊቱን ሰው ነው። አጠገቡ ያለችውን አያይም። አራት ዓመት ሙሉ ትከሻዋ ይነካኛል፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ እሷን ግን…

አየኋት። ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን አየኋት። ስንተኛ እንደነበረች እንኳ የነገረኝ ባሌ ነው። ሁለት ዙር እስኪያልቅ አምስተኛ። ሦስተኛው ላይ ሦስተኛ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የረጅሟ ጩኸት እኛ ድረስ መጣ፣ «ምንም የለም! ሂጂ!» ልጄ እግሬ አውጪኝ አለች። ባሌ ወንበር ላይ ወጣ።

ሁለተኛ ወጣች። አምስት ደቂቃ ከሃያ ስድስት።

አንድ ሰከንድ። በአንድ ሰከንድ አላለፈችም።

ስወርድ ሳሩ ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ረጅሟ ታለቅሳለች። ልጄ ግን፣ «እማ፣ አስራ ስምንት የነበረው እኮ አንድ ሆነ» አለችኝ ገና ስደርስ። አሰልጣኙ ሌላ የማጣሪያ ውድድር ሚያዝያ ላይ እንዳለ ተናገሩ። «ማክሰኞ ልምምድ» አሉና ሄዱ። ማባበል አያውቁም ብያለሁ።

ጥር 18፣ እሑድ

እስከ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም፣ እኔም ራሴን አልቀሰቀስኩም።

ልጄ እግሯን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ ጥፍሯን ቆረጥኩላት። አንዱ ጠቁሯል፣ ይወልቃል።

«እማ… ስሮጥ ምን እመስላለሁ?»

ማንን ጠይቃ ታውቃለች? እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም።

«ጭንቅላትሽን ወደ ቀኝ ዘንበል ታደርጊያለሽ። ሰው ከኋላ በስምሽ የጠራሽ ይመስል።»

«እሺ።»

«ግራ ክርንሽ ወደ ውጪ ይወጣል። ገበያ ውስጥ ሰው እንደሚገፋ።»

«እሺ…»

«አፍሽ ይከፈታል። የታች ጥርስሽ በሙሉ ይታያል።»

«አስቀያሚ ነኛ!»

«በጣም።»

ሳቋ ውሃውን አፈሰሰው። ልትጠርግ ስታጎነብስ፣ «ደግሞ መስመሩን ካለፍሽ በኋላ አልቆምሽም» አልኳት። «ሁሉም ቆመዋል። አንቺ አስር አስራ አምስት እርምጃ ሄድሽ። ያቺን ምስኪን ይዘሻት ሄድሽ። ቁሚ አላለችሽም?»

«ብላኛለች።»

«አልሰማሻትም?»

«ሰምቻታለሁ» አለች፣ እግሯን ውሃው ውስጥ እያንቦጫረቀች። «ደስ ብሎኝ ነዋ።»